ተማሪዎችን ወደ መስቀል አደባባይ የሙዚቃ ዝግጅት ለመውሰድ ስናቅድ

በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ስለ ትምህርት ጉብኝት ስንማር በምሳሌነት የሚነሡልን ቦታዎች ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሙዚየም፣ ፋብሪካ፣ የእርሻ ጣቢያ፣ አንዳንዴም እዚሁ አቅራቢያችን ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። በር አላቸው፣ አስጎብኚ አላቸው፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸውም ይታወቃል። ለመሆኑ በር የሌለው፣ አስጎብኚ የሌለው፣ ሰዓቱም የማይታመን ጉብኝት ቢገጥመን ምን እናደርጋለን? በዚህ ጽሑፍ የማነሣው እንዲህ ያለውን ነው። የአቃቂ ቃሊቲ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በመስቀል አደባባይ ወደሚደረግ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ሰዉ «ኮንሰርት» ወደሚለው፣ እንዴት አድርጎ መውሰድ ይቻላል?

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ሊማሩበት?» የሚለው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ዘፈን ለመስማት ራዲዮ አይበቃም ወይ?» ብሎኛል። ራዲዮ ዘፈኑን ያሰማል እንጂ፣ ድምፅ ከመድረክ ተነሥቶ ወደ ሰው ጆሮ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን፣ ትልቅ ከበሮ ሲመታ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አያሳይም። ሳይንስ፣ ሒሳብና ሙዚቃ በአንድ ቀን በአንድ ቦታ የሚገናኙበት አጋጣሚ ደግሞ ብዙ አይደለም። በዚያ ላይ በልምምድ ባስተማርኩበት ክፍል እጅ አስወጥቼ ስጠይቅ፣ አደባባዩን በደመራ ለት በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኑ ያላየው ካየው ይበልጥ ነበር። ከአቃቂ እስከዚያ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ስለ ቦታው አስቀድሞ ማስተማር

ወደ ቦታው ከመሄዳችን በፊት በክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስለ አደባባዩ ነው። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። አሁን የምናየውን መልክ የያዘው ሰኔ 2013 ዓ.ም. እድሳቱ ተጠናቆ ሲመረቅ ነው። አትሌቶች ለዓመታት ሲሮጡበት የኖሩት ያ በግማሽ ክብ እየተደራረበ ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ለእኛ ዋናው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ማስተካከያ ላድርግ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ «አምፊቴአትር» ይለዋል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን «አምፊ» ማለት በሁለቱም ወገን፣ ዙሪያውን እንደማለት ነው። ስለዚህ እውነተኛው አምፊቴአትር በክርስቶስ ልደት 80 ዓመተ ምሕረት የተመረቀውና 50,000 ያህል ሰው ይይዝ የነበረው የሮማው ኮሎሲየም ነው፤ ተመልካቹ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ትርኢቱ መሀል ይሆናል። በጣሊያን አገር ቬሮና ከተማ የሚገኘው ሌላው የሮማውያን አምፊቴአትር ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦፔራ ሙዚቃ እየቀረበበት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በግማሽ ክብ የተሠራው ግን የግሪኮች ቴአትር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የኤፒዳውሮስ ቴአትር 55 ረድፍ መቀመጫና 14,000 ያህል ሰው የመያዝ አቅም አለው። መስቀል አደባባይ እንግዲህ በቅርጹ ወደ ኤፒዳውሮስ ይጠጋል። ልጆቹ «አምፊቴአትር» ቢሉ ግን ስሕተት ነው ብሎ ማርክ መቀነስ አያስፈልግም፤ ዓለም በሙሉ እንደዚያው ይለዋል።

የደረጃው ጥቅም ምንድን ነው? ይህን ለማስረዳት ጃን ሜዳን ማነጻጸር ይበቃል። ጃን ሜዳ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በጥምቀት ለት ከኋላ የቆመ ልጅ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው፤ አባቱ ትከሻ ላይ ካልወጣ በቀር። በደረጃ ላይ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ከፊቱ ካለው ከፍ ስለሚል ዓይን ከፊተኛው ሰው ራስ በላይ ያልፋል። ድምፅም እንደዚያው ነው፤ በሜዳ ላይ የሰዉ አካልና ልብስ ድምፁን ይውጠዋል፣ በደረጃ ላይ ግን ሳይጋረድ ይደርሳል። ክፍል ውስጥ መጻሕፍትን ደራርቦ ደረጃ መሥራትና ጠመኔዎችን በየረድፉ ማቆም ነው፤ ክር ከእያንዳንዱ ጠመኔ አናት እስከ «መድረኩ» ይወጠራል። ወጪው ምንም ነው።

ስለ ሙዚቃውም እንዲሁ ዝግጅት ያሻል። የአደባባይ ሙዚቃ በሀገራችን አዲስ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ በኋላም በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ያቋቋሙት ባንድ፣ ማይክሮፎን ሳያስፈልጋቸው በሜዳ ላይ የሚሰሙ ነበሩ። ማሲንቆ ግን የአንድ ክር ድምፅ ነው፤ ለቤት፣ ለጠጅ ቤት፣ ለድግስ ነው የተሠራው። አሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ ጭራሽ ለብቻ ለሚጸልይ ሰው ነው የሚስማማው። እነዚህን መሣሪያዎች በመቶ ሜትር ርቀት ላለ ሰው ለማሰማት የድምፅ ማጉያ ግድ ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ መድረኩ ላይ ክራር ሲያዩ «ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ። ከራሱ ነው ወይስ በግራና በቀኝ ከተደረደሩት ሳጥኖች?

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አራቱንም ቅኝት ማስለየት ለስድስተኛ ክፍል ይከብዳል ባይ ነኝ። አንዱን፣ ለምሳሌ ትዝታን፣ በደንብ ካወቁና ከሌላው ከለዩ ይበቃል። የመምህራን መምሪያው ሁሉንም ይላል፤ እኔ ግን ሞክሬው አንዱም ሳይያዝ ቀርቷል።

ስለ ሰው ብዛት

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ጉብኝቱ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አደባባይ ከተደረጉት የሙዚቃ ዝግጅቶች በዓለም ዙሪያ እጅግ የተወራለት ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት የተከበረበት ነው። ቦብ ማርሌይ ራሱ በ1981 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ ባለቤቱ ሪታ ማርሌይና ልጆቹ ከቤኒኗ አንጄሊክ ኪጆና ከሌሎች ጋር ሆነው ተጫወቱ። መግቢያው በነፃ ነበር። የተገኘው ሕዝብ በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠር በጊዜው ተዘግቧል፤ 200,000 ያሉ አሉ፣ ከዚያም በላይ ያሉ አሉ።

እንግዲህ ሒሳብ እዚህ ይገባል። በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይሣላል። በመጀመሪያ ሁለት ተማሪዎች ይቆማሉ። ይመቻል። ሦስተኛ፣ አራተኛ ይጨመራል። አሁን ክንድ ለክንድ ይነካካሉ። አምስተኛው ሲገባ ልጆቹ መሳቅና መገፋፋት ይጀምራሉ፤ ሙከራው እዚያ ላይ መቆም አለበት። ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያጠኑ ባለሙያዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን ሰው እንደ ፈቃዱ መንቀሳቀስ እንደሚያቅተው፣ እንደ ውኃ ማዕበል ተያይዞ እንደሚወዛወዝ ይናገራሉ። ልጆቹ ይህን በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ በዚያች ካሬ ውስጥ ቆመው ቢያውቁት ይሻላል።

ቀጥሎ ጥያቄው ይሰጣል። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ሰው ቢቆም 200,000 ሰው ስንት ካሬ ሜትር ይፈልጋል? 50,000። የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ቢሆን 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ሰባት የኳስ ሜዳ ያህል ግጥም ብሎ መሙላት አለበት ማለት ነው። «መስቀል አደባባይ ሰባት የኳስ ሜዳ ያህላል ወይ?» ይህን መልስ መምህሩ አይናገርም። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ በእርምጃ ይለካሉ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የሕዝብ ቁጥር ማን ቆጥሮት እንደሆነ መጠየቅን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጉብኝት አላውቅም።

ስለ አደጋውም ሳይሸሹ መናገር ይገባል። በ1979 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ «ዘ ሁ» የተባለውን ባንድ ለማየት ከአዳራሽ በር ላይ ሲጠብቅ ከነበረው ሕዝብ 11 ሰዎች በግፊያ ሞተዋል። መቀመጫው ቀድሞ ለደረሰ ነበር፤ የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ፤ ከውስጥ የድምፅ ሙከራ ሲሰማ ሰዉ ዝግጅቱ የተጀመረ መስሎት ገፋ። ልብ በሉ፤ አደጋው የደረሰው ሙዚቃው ሳይጀመር በመግቢያ ላይ ነው። ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሕዝቡ ቀድሞ መድረስና ከሕዝቡ ቀድሞ መውጣት። ሁለተኛ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ጨርሶ መተው። ልጆች የሚቀመጡት ደረጃው ላይ ነው፤ እሱም መሀሉ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ፣ የመውጫ መንገድ በስተጎን በሚገኝበት በኩል። እይታው ትንሽ ይጣመማል። ይጣመም።

ስለ ሰዓት፣ ወይም የአንዲት እናት ጥያቄ

ይህን እቅድ ለመለማመጃ ሳዘጋጅ ከተማሪዎች ወላጆች ጋር መነጋገር ነበረብኝ። አንዲት እናት፣ ጉልት የሚሸጡ፣ ፈቃድ የሚጠይቀውን ወረቀት አነበብኩላቸውና እንዲህ አሉኝ፤

«ሙዚቃ ትስማ ነው የምትለኝ? ትስማ፣ ምን ከፋኝ። ግን ሲመሽ ከቃሊቲ ወዲህ ማን ያመጣታል?»

«እኛ እናመጣታለን እትዬ። ስምንት እጩ መምህራን አለን፣ ሁለት መምህራንም አብረውን ይሄዳሉ» አልኩ።

«ስንት ልጅ ነው የምትወስዱት?»

«አርባ።»

«እንግዲህ አየህ የኔ ልጅ፤ እናንተ አርባ ትወስዳላችሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ብታመጡ ለናንተ ጥሩ ነው። እኔ የምልከው አንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ እቅዴን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሥራት ጀመርኩ፤ ለማንኛውም እጩ መምህር የምመክረውም ይህንኑ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ልጆቹ 12፡00 ሰዓት አቃቂ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መሆን አለባቸው። ለመንገድ አንድ ሰዓት፣ ልጆቹን ከደረጃው አስነሥቶ ለመሰብሰብና ለመቁጠር ግማሽ ሰዓት፣ መንገድ ቢዘጋጋ ወይም ጎማ ቢፈነዳ ለመጠባበቂያ ግማሽ ሰዓት። ተደምሮ ሁለት ሰዓት። ከመቀመጫ የሚነሡት ልክ 10፡00 ሰዓት ላይ ነው፤ መድረኩ ላይ ማንም ይኑር ማን።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ጮኹ። «እንዴ! ዝግጅቱ በ9፡00 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ በ10፡00 የሚጀመር አገር ውስጥ! ዋናው ዘፋኝ ደግሞ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ ምን አይተው ሊመለሱ ነው?» እውነታቸውን ነው። በተጻፈው ሰዓት ቢጀመር እንኳ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰሙት። ይህን ችግር በሁለት መንገድ መፍታት ይቻላል ብዬ አስባለሁ። አንዱ መምሸቱን ተቀብሎ ወላጆች አደባባዩ ድረስ እንዲመጡ መጠየቅ ነው፤ ጉልት የሚሸጡት እናት ግን ያን ቀን ገበያቸው ነው፣ ስለዚህ ይህ መንገድ ልጃቸውን ከጉብኝቱ ያስቀራል። የሚቀሩት ምን ጊዜም እነዚያው ልጆች ናቸው። ይህን መንገድ አልወደድኩትም።

ሁለተኛው መንገድ የድምፅ ሙከራውን መጠቀም ነው። ከማንኛውም ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት በፊት ባለሙያዎች መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየፈተሹ ድምፁን ያስተካክላሉ። መጀመሪያ ከበሮ ብቻውን፣ ቀጥሎ ቤዝ ጊታር ብቻውን፣ ከዚያ ኪቦርድ፣ ትንፋሽ፣ በመጨረሻ ድምፃዊ። ተመልካች ይህን ሲሰማ ይሰለቸዋል። ለአስተማሪ ግን ሙዚቃው ራሱ በየአካሉ ተበታትኖ ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ቁጠሩት! ዋናው ዝግጅት ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ስለሚጮህ የቤዝ ጊታርን ድምፅ የትኛው ልጅ ይለያል? በሙከራው ላይ ግን ይለያል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት። ደብዳቤው አጭር ሆኖ የልጆቹን ቁጥር፣ የሚቀመጡበትን ቦታና ሰዓቱን ብቻ ይጥቀስ። ፈቃድ ከተገኘ ጠዋት 4፡30 ከአቃቂ ተነሥተው፣ ከ6፡00 እስከ 8፡00 ሙከራውን አዳምጠው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ከተጀመረ የመጀመሪያውን ክፍል ሰምተው፣ በ10፡00 ይነሣሉ። ፈቃዱ ካልተገኘ ጉብኝቱ ይቅር ባይ ነኝ፤ ሌላ ዝግጅት ይመጣል።

ዋናው ዘፋኝ ሳይወጣ እንደሚመለሱ ለልጆቹ የሚነገራቸው በክፍል ውስጥ፣ ከሳምንት በፊት ነው። እዚያ ደረጃው ላይ ሕዝቡ ሲጮህ አይነገርም።

ስለ መጓጓዣ

ከቃሊቲ የሚነሣው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነበር፤ በአደባባዩና በስታዲየሙ በኩል ያልፋል። ዋጋውም ከሁሉ ይረክሳል። ሆኖም ለከተማው ከተገዙት 41 ባቡሮች የሚሰማሩት በጣም ያነሱበት ጊዜ ስላለ በአንድ ፉርጎ ውስጥ 50 ሰው በአንድ ላይ ይሳፈራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ደግሞ ሚኒባስ ያስፈልጋል። ሒሳቡን እዩት፤ 40 ተማሪ፣ 8 እጩ መምህርና 2 መምህር 50 ሰው ነው። ለሄድ መለስ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲሳፈሩ 200 የጉዞ ሒሳብ ይሆናል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢይዝ አምስት ሚኒባስ ያስፈልጋል፤ አምስት ሾፌር፣ አምስት ረዳት፣ አምስት የተለያየ የመድረሻ ሰዓት። ልጅ የሚጠፋው እንዲህ በመሳፈርና በመውረድ መሀል ነው።

ስለዚህ ሁለት ቅጥቅጥ መከራየት ይሻላል። ገንዘቡ ለአርባ ልጅ ካልበቃ ሃያ ልጅ በአንድ ቅጥቅጥ ይሂድ፤ የቀሩት ሃያዎቹ በሚቀጥለው ይሄዳሉ፣ ስማቸውም አሁኑኑ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካልተለጠፈ ይረሳል። ማን ይሂድ የሚለው በዕጣ ይወሰን እንጂ በፈተና ውጤት አይሁን። ሙዚቃ ለመስማት አንደኛ መውጣት አያስፈልግም።

የተከራየ መኪና ቢኖርም አንድ እጩ መምህር ከሳምንት በፊት በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት መንገዱን ሄዶ ማየት አለበት። ሽንት ቤት የት እንዳለ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ በክራንች የሚሄድ ልጅ በየት በኩል ወደ ደረጃው እንደሚደርስ በዓይን ካልታየ በወረቀት አይታወቅም።

በቦታው ላይ

ልጆቹ በአምስት በአምስት ሆነው ስምንት ቡድን ይሆናሉ፤ በየቡድኑ አንድ እጩ መምህር። እጩ መምህሩ አርባ ልጅ አይጠብቅም፣ አምስት ነው የሚጠብቀው። አምስት ልጅ ደግሞ ሳይቆጥሩ በአንድ ዓይን ይታያል። በየግማሽ ሰዓቱ መቁጠር ግን አይቀርም። በኪሳቸው የትምህርት ቤቱ ስምና የመምህሩ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይያዙ። ስም ጽፎ ደረት ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ልጅ ያምናል።

የጠፋ ልጅ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። በእኔ እቅድ እሱ ከአደባባዩ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በር ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ቦታውም አይቀየርም። «አይስክሬም የሚሸጠው ሰውዬ አጠገብ» ተብሎ ቀጠሮ አይያዝም፤ ሰውዬው ይሄዳል። ልጆቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ በሩ ተወስደው ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደረጃው የሚወጡት።

ስለ ልብስ፦ አቃቂ ከመስቀል አደባባይ ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ በጂኦግራፊ ተምረናል፤ ልዩነቱ ብዙ ባይሆንም በታኅሣሥ ነፋስ ላይ ሲደመር የእኛ ሰፈር ልጅ በሸሚዝ ብቻ መሄድ የለበትም። ቀን ላይ ግን ፀሐዩ በድንጋዩ ላይ ይበረታል፤ ኮፍያና ውኃ። ምሳ ዳቦና ቆሎ ይበቃል።

ጆሮም መጠበቅ አለበት፤ ይህን ብዙ መምህር አያስበውም። በሥራ ቦታ ስለ ድምፅ ጉዳት በወጣ የታወቀ መለኪያ መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት ቢሰማ ጆሮ ይችለዋል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ97 ግማሽ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ሩብ ሰዓት ብቻ። ከድምፅ ማጉያ ሳጥን ፊት ለፊት 100 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ርቀት ነው፤ በክፍት ቦታ ከአንድ ማጉያ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ዳር ላይና ከፍ ብሎ መቀመጥን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

የሳይንሱ ሥራ እንዲህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ብርሃን ግን ወዲያው ይደርሳል ማለት ይቻላል። ከበሮ መቺው 170 ሜትር ርቆ ቢገኝ ዱላው ሲያርፍ ካየን በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ ድምፁ ይመጣል። በአደባባዩ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ የማይገጥመውም በዚህ ነው። አንዳንዴ ባለሙያዎች ወደ ኋላ ተጨማሪ ማጉያ ያቆሙና ከመድረኩ ድምፅ ጋር እንዲገናኝ ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ እንዲህ ከሆነ የልጆቹ ልኬት ከሒሳቡ ጋር አይስማማም። አለመስማማቱ ራሱ ጥሩ ጥያቄ ያስነሣል። አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ ሜዳ መሞከር ይቻላል፤ አንድ ልጅ 100 ሜትር ርቆ ባዶ ጀሪካን በዱላ ሲመታ የቀሩት እጁን አይተው ድምፁን ይጠብቃሉ።

መስማት የተሳነው ተማሪ ካለ እንዳይቀር። የተነፋ ፊኛ በሁለት እጁ ይያዝ፤ የከበሮውና የቤዙ ንዝረት በፊኛው ላይ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ፊኛ ካልተሰጠን ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይገዛ፤ ሙከራው ለሁሉም ይጠቅማል።

እያንዳንዱ ቡድን የሚይዘው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን። አንዱ ቡድን በእርምጃ ይለካል፣ አንዱ የድምፅን መዘግየት ይቆጥራል፣ አንዱ ክራሩን ብቻ ይከታተላል፣ አንዱ መውጫዎቹን ቆጥሮ ይሥላል። አሥር ጥያቄ የያዘ ልጅ ሙዚቃ አይሰማም፣ ወረቀት ይሞላል እንጂ። ከ9፡00 ሰዓት በኋላ ደብተሩ ይታጠፍና ዝም ብለው ይስሙ፣ ቢፈልጉም ይጨፍሩ።

10፡00 ሰዓት ሲሆን ከዳር ያለው ቡድን መጀመሪያ ይነሣል፣ ሌሎቹ በተራ ይከተላሉ። ቆጠራው ሦስት ጊዜ ነው፤ በሙዚየሙ በር፣ መኪናው ውስጥ፣ አቃቂ ሲደርሱ። አቃቂ ላይ ልጅ ከመኪና የሚወርደው ሊቀበለው ለመጣው ሰው በእጅ ተሰጥቶ፣ ከስሙ ፊት ተቀባዩ ከፈረመ በኋላ ነው። መፈረም የማይችል በጣቱ ያትማል። ሊቀበለው ሰው ያልመጣለትን ልጅ የቡድኑ እጩ መምህር እስከ ቤቱ በር ያደርሰዋል፤ አርባኛው ፊርማ ሲሞላ ወረቀቱ ለርእሰ መምህሩ ይሰጥና መኪናዎቹ ይሰናበታሉ።